በፍሎፒ የቀሩ ሆሄያት

አባቴ በ1994 ዓ.ም. ሲያርፍ ትቶልን ከሄደው ንብረት ሁሉ ትንሹ ሁለት ፍሎፒ ዲስክ ነበር። መዳፍ የማይሞሉ ጥቁር ፕላስቲኮች ናቸው። እያንዳንዳቸው የሚይዙት 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይገባባቸውም። የአባቴ ዕድሜ ግን ገብቶባቸዋል።

አባቴ የቄስ ተማሪ ነበር። ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ፣ እንጀራ ፍለጋ አቃቂ ወረደ። በዚያም በአንድ ፋብሪካ 28 ዓመት ሠራ። ጡረታ ሲወጣ ያየውንና የሰማውን በሦስት ደብተር ጻፈና በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከጡረታው ቆጥቦ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ ከነበረ አንድ ጽሕፈት ቤት በኮምፒዩተር አስጻፈው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የምትለውን አባባል ይወዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሮቹን ችላ አላቸው። «ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል እኮ!» ይለን ነበር። አንዱ ደብተር ከሰል ማቀጣጠያ ሆነ፤ ሌሎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። በወረቀት የታተመውን ብቸኛ ቅጂ ደግሞ «ላሳትምልዎ» ያለ ሰው ወስዶ ሳይመልስ ቀረ። ስለዚህ የቀሩን ፍሎፒዎቹ ብቻ ናቸው።

እኔ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፍሎፒዎቹን ያዳነልን የአክስቴ ልጅ ነው፤ ያጠፋብንም እርሱ ነው። ፍሎፒ የሚያነብ ኮምፒዩተር ከገበያ እየጠፋ መሆኑን አይቶ፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ፋይሉን ገልብጦ በሲዲ አስቀመጠልን። ሲገለብጠው ግን፣ «ቦታ እንዳይፈጅ፣ በየትኛውም ኮምፒዩተር እንዲከፈት» ብሎ ወደ ተራ ጽሑፍ ለወጠው። በቅን ልቡና ያደረገው ነው። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሲዲውን ከፈትኩት። አማርኛ የለም። የእንግሊዝኛ ትንንሽና ትልልቅ ሆሄያት ተደበላልቀው፣ በመካከላቸው የቃል አጋኖና የዶላር ምልክት ተሰግስጎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት እንደ ጤፍ ተዘርቶበት 100 ገጽ ያህል ይወርዳል። ጸሎቱን የጨረሰ አስማተኛ የጻፈው ይመስላል።

ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው? ነገሩን ለመረዳት አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ለአንባቢ ግን በአጭሩ ልንገር። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። «ለ» ብለን ስንጽፍ የሚያስቀምጠው የ«ለ»ን መልክ ሳይሆን ለ«ለ» የተሰጠውን ቁጥር ነው። ጽሑፉን መልሶ ሲያሳየን ደግሞ ቁጥሩን ይዞ ፎንት ወደሚባለው የሥዕል ሙዳይ ይሄድና፣ በዚያ ቁጥር የተቀመጠውን መልክ አውጥቶ መስኮቱ ላይ ይለጥፍልናል። መልኩ ቢጠፋ ሌላ ሰዓሊ ይሥለዋል። የትኛው ቁጥር የየትኛው ሆሄ ነው የሚለው ስምምነት ከጠፋ ግን የቀረን የቁጥር ክምር ነው።

ሆሄን በምልክት መለወጥ ለአቃቂ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት እዚሁ አቃቂ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ተተክሎ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ዘገባቸውን በእርሱ ያስተላልፉ ነበር። ቃሉ ወደ ነጥብና ሰረዝ ተለውጦ ባሕር ይሻገራል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ያንኑ የሞርስ ሰንጠረዥ ስለያዘ መልሶ ቃል ያደርገዋል። ማዶ ያለው ሰው ሰንጠረዡ ባይኖረው ኖሮ የሚሰማው ጢጥታ ብቻ በሆነ ነበር። እኔም የአባቴን ጢጥታ ይዤ ተቀመጥኩ።

አሜሪካኖች የራሳቸውን የኮምፒዩተር ሰንጠረዥ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ አስኪ ይባላል። ያለው ቦታ 128 ነው። ትልቁ «ኤ» 65ኛ፣ የጥያቄ ምልክት 63ኛ ላይ ተቀምጠዋል። (ይህችን 63 አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።) ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። በኋላ ሰንጠረዡ በእጥፍ አድጎ 256 ቦታ ሲሆን አውሮፓውያኑ ነጥብና ጭረት ያለባቸውን ሆሄያት አስገቡበት። እኛስ? 33 ሆሄ በሰባት ሲባዛ 231 ነው። በዚህ ላይ ዲቃላዎቹ አሉ፤ ከ፩ እስከ ፼ 20 አኃዞች አሉ፤ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ አሉ። ከ256ቱ ቦታዎች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ስለሆኑ አይነኩም። አልበቃም።

አለመብቃት ደግሞ አዲስ ታሪክ አይደለም። በእርሳስ ሆሄ ዘመን ችግሩ ቀላል ነበር፤ ለቃሚው ሣጥን ላይ ሌላ ጉድጓድ ማከል ነው። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ግን ቁልፉ ጥቂት፣ ሆሄው ብዙ ሆነ። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። መላው ደግሞ ሆሄውን መከፋፈል ሆነ፤ አካሉን በአንድ ቁልፍ፣ እጁን ወይም እግሩን በሌላ ቁልፍ እየመቱ መቀጠል። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ካዕቡና ሣልሱ እንዴት ከአካላቸው ፈንጠር ብለው እንደቆሙ ያስታውሳል።

በኮምፒዩተሩም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ፣ በኋላም እዚህ አገር ቤት የነበሩ ባለሙያዎች የማይገባውን ለማስገባት ያላደረጉት የለም። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሽራ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉትን ስሞች የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች አይረሷቸውም። ዘዴው አንድ ነበር፤ የእንግሊዝኛውን ሆሄ ከቁጥሩ ላይ አንሥቶ የአማርኛውን መልክ በቦታው መትከል። ኮምፒዩተሩ እንግሊዝኛ የጻፈ ይመስለዋል፤ እኛ አማርኛ እናነባለን። ቤት ሳይሠሩ በሰው ቤት በር ላይ የራስን ስም መለጠፍ በሉት። በዚህ ዘዴ ነው ያ ሁሉ ጋዜጣና መጽሔት የወጣው፤ ስለዚህ አላማርርም። ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የለጠፈበት በር የተለያየ መሆኑ ነው። በአንዱ «ሰ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ቸ» ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ፋይሉን ተራ ጽሑፍ ሲያደርገው የፎንቱ ስም ተገፎ ወደቀ፤ ቁጥሮቹ ብቻ ቀሩ።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። የቄስ ተማሪ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ በምን ይጀምራል? የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር አየሁት፤ አምስት ቃል ነው። ሦስተኛው ቃል በሁለት «ደብልዩ» ይጀምራል፤ አራተኛውም በ«ደብልዩ» ይጀምራል። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! እንደ ሕፃን ጮህኩ። «ደብልዩ» ማለት «ወ» ነው። ከዚያች መስመር በ፣ ስ፣ መ፣ አ፣ ብ፣ ል፣ ድ፣ ን፣ ፈ፣ ቅ ተገኙ። ቀጥሎ «አቃቂ» የሚለውን ቃል አደንኩ፤ ይህ ቃል ያልገባበት ገጽ እንደማይኖር አውቃለሁ። እንዲህ እያልኩ በሁለት ሳምንት 40 ያህል ሆሄ ለቀምኩ። የቀረውን ግን በግምት መግፋት ፈራሁ፤ የአባቴ መጽሐፍ የእኔ ድርሰት እንዳይሆን።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን ፍለጋ ወጣሁ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወርጄ፣ የጉምሩክን ጭነት መኪናዎች ሰልፍ እየተሻማሁ ጠየቅኩ። ቤቱ ሦስት ጊዜ ባለቤትና ሥራ ለውጧል። የዚያን ጊዜዋ ጸሐፊ ግን እዚያው መንገድ ላይ የራሷን ከፍታ ማመልከቻና ውል ትጽፋለች። ዛሬ ስልሳ ሊሞላት ነው። የአባቴን መልክ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች።

«እኚያ 'ብዙኃኑ' የሚሉት ሰውዬ? ልጃቸው ነሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«አጠገቤ ወንበር ስበው ይቀመጡና ያርሙኛል እኮ! 'ይህ ሐመሩ ሐ ነው፤ ይህ ንጉሡ ሠ ነው፤ ልጄ፣ ነገሥታቱን ከእሳት ጋር አትቀላቅይብኝ' ይሉኛል። እኔ ደግሞ በገጽ ነበር የምከፈለው። ስንት ቀን በልቤ ረግሜያቸዋለሁ መሰለሽ፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

ሶፍትዌሩን ነገረችኝ፤ ስሙን እዚህ አላነሣውም፤ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለምና። የቁልፎቹን ዝርዝር ከወረቀት አላነበበችውም። ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ቆይ… 'ሞ' እዚህ ነበረች፤ 'ጫ' በዚህ ይዘሽ በዚህ ትመቻለሽ» እያለች አወጣችልኝ። ሃያ አምስት ዓመት ያልነካችውን ገበታ ጣቷ አልረሳውም። ማታ ቤቴ ገብቼ በዚያ መሠረት ስለውጠው የአባቴ ድምፅ መስመር በመስመር ይወጣ ጀመር። ፋብሪካው በር ላይ በፀሐይ የቆመበት ቀን፣ የመጀመሪያ ደመወዙ፣ የማሽኑ ጩኸት ጆሮው ውስጥ እቤት ድረስ እንደሚከተለው፣ ሁሉም አለ።

የጥያቄ ምልክቱ ግን አለ። እርሱን ጸሐፊዋም ልትፈታው አትችልም። ምክንያቱን የነገረኝ አንድ ሶፍትዌር የሚሠራ ወዳጄ ነው። ፋይሉ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለወጥ ፕሮግራሙ የተቀበለው የመጀመሪያዎቹን 128 ቁጥሮች ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የተቀመጡትን የአማርኛ ሆሄያት በሙሉ አላውቃቸውም ብሎ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ምትክ ሰጣቸው፤ 63። ጫም 63፣ ሞም 63፣ ኃም 63፣ የግዕዝ አኃዞቹም 63። የተመሰጠረ ነገር ይፈታል፤ ይህ ግን አልተመሰጠረም፤ ተፍቋል። ከሁሉ የሚያስገርመው አባቴ ራሱ በጽሑፉ ይጠይቅ ነበር። የትኛው ምልክት የእርሱ ጥያቄ፣ የትኛው የጠፋ ሆሄ መሆኑን ፋይሉ አይለይም። «ለምን ዝም አልን?» ይላል አንድ ቦታ። ይጠይቅ ይሆን፣ ወይስ የቀረች ሆሄ ናት?

እዚህ ላይ የሚያንገበግብ ነገር አለ። አባቴ ፍሎፒዎቹን የተቀበለው በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999፣ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ዕትም ወጣ፤ በውስጡ የኛ ፊደል በ345 ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቦታ አገኘ። የዩኒኮድን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1988 በጽሑፍ ያቀረበው የዜሮክሱ ጆ ቤከር ነው። ለኛ ፊደል ሥርዓት እንዲበጅ ከደከሙት መካከል እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ይገኙበታል። እርግጥ ሰንጠረዡ በወጣ ማግስት ቃሊቲ አልደረሰም። ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በቪስታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስልክ ላይም ቢሆን በአማርኛ የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት በ70 ሆሄ ሲቆረጥ፣ በእንግሊዝኛ ሆሄ የተጻፈ 160 ይሄዳል። ብዙዎቻችን አማርኛውን በላቲን መጻፍ የለመድንበት አንዱ ሰበብ ይህ ይመስለኛል።

ሰንጠረዡን ግን አባቴ አይቶት ቢሆን ብዬ እመኛለሁ። «ሀ» 4608 ናት፤ «ለ» 4616፤ «ሐ» 4624፤ «መ» 4632። እያንዳንዱ ሆሄ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ እንዚራን፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላለ ዲቃላ። የአንድን ተራ ሆሄ ቁጥር ለስምንት ብታካፍሉ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ግዕዝ ነው፤ አንድ ከሆነ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ፣ ሦስት ራብዕ… «ላ» 4619 ናት፤ ለስምንት ሲካፈል ቀሪው ሦስት፤ ራብዕ። የየኔታ ገበታ ቁጥር ለብሶ የመጣ ነው። እሳቱ ሰ 4656፣ ንጉሡ ሠ 4640፤ ተለያይተው ተቀምጠዋል። በዚህ የሚቸገሩም አሉ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ስማችን በአንዱ ሐ ተመዝግቦ በሌላው ሀ ሲፈለግ «የለህም» የምንባለው ኮምፒዩተሩ ሁለቱ በአፋችን አንድ ድምፅ መሆናቸውን ስለማያውቅ ነው። አባቴ ግን «እኔስ ምን ስላችሁ ነበር?» ይል ነበር።

ወደ ጥያቄ ምልክቶቹ ልመለስ። አብዛኞቹን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይሞላቸዋል፤ «ቅ?ስ» ያለውን ማንም ያነበዋል። የማይሞሉት ዓመተ ምሕረቶቹና ስሞቹ ናቸው። ዓመቶቹን አባቴ በግዕዝ አኃዝ ስለጻፋቸው አንድም አልተረፈም። በገጽ 61 ላይ ደግሞ በቀይ ሽብር ጊዜ ከፋብሪካው ተወስደው ያልተመለሱ ሰባት ሠራተኞችን ይዘረዝራል። ደብተሩን የጻፈው ለዚያች ገጽ ይመስለኛል። ሦስቱ ስሞች ደኅና ናቸው። አራቱ ግን «?ይሉ»፣ «አ?ፋ»፣ «?ላ» እና «??ሳ» ይላሉ። ሙሉ ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ ቤተሰቦቻቸውን አግኝቼ አልጨረስኩም።

መቼም ሰው ተስፋ አይቆርጥምና አንድ ዘዴ አገኘሁ። የጠፉት ሆሄያት ሁልጊዜ የሚጠፉት እነዚያው ናቸው፤ የተረፉትም ሁልጊዜ ተርፈዋል። ስለዚህ በሌላ ቦታ በደኅና የምትታይ ሆሄ በጥያቄ ምልክት ሥር ልትሆን አትችልም። ሃሌታው «ሃ» በፋይሉ ውስጥ ሁሉ አለች። እንግዲያስ «?ይሉ» በብዙኃኑ ኃ የተጻፈ ነው፤ አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ያስጻፋት ናት። «አ?ፋ» አሰፋ እንዳልል «ሰ» ተርፋለች፤ ጭንቅላቴን ስይዝ ውዬ ነው ንጉሡ «ሠ» ትዝ ያለኝ። «?ላ» ግን ጫም ሞም ጠፍተዋልና ሁለቱንም ይሆናል። አቃቂ ነውና ጫላ ነው ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበት።

ከአባቴ ጋር በአንድ ፈረቃ የሠሩ አንድ አዛውንት ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ገጹን አነበብኩላቸው። የጥያቄ ምልክት እንዴት እንደሚነበብ ያኔ ተቸገርኩ። «እንትን-ላ» አልኩ በመጨረሻ።

«እንትን-ላ ማን ነው?» አሉኝ።

«ጫላ ይሆን ጋሼ?»

«ጫላ የሚባል በኛ ክፍል አልነበረም። በ'ሞ' ነው የሚጀምር። ወሎዬ ነው፤ ቀጭን ልጅ። ከኔ ምሳ ተካፍሎ ነው የወጣ።» ከዚያ ዝም አሉ። «አሠፋንም አውቀዋለሁ። ቤቱ ባቡር ጣቢያው ጋ ነበር።»

አራተኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ፈይሳ እንዳልል «ይ» በታየች ነበር፤ ቶሎሳም እንዳልል «ቶ» አልጠፋችም፤ ይህንን ሁሉ አስረዳኋቸው። እሳቸው ግን ሆሄውን አልነበረም የሚፈልጉት። «ማታ ፈረቃ የሚገባ ልጅ ነበር፤ ሹራብ ለብሶ፤ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። እርሱ ይሆናል። ስሙ… ስሙ…» መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ቡና ተፈላ፤ ሦስተኛው ድረስ ጠበቅኩ። ሲመሽ ልሸኝሽ ብለው እስከ አጥሩ መጡና፣ «እስቲ ደግመሽ ጥሪው» አሉኝ። ጠራሁት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

መጽሐፉ አሁን ማተሚያ ቤት ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ገጹን የሚያቀናው ልጅ ደወለልኝ።

«እኅቴ፣ ገጽ 61 ላይ ሆሄ አልወጣ ብሎኛል፤ ሁለት የጥያቄ ምልክት ነው የሚታየኝ። የፎንት ችግር ይሆን?»

«አይደለም» አልኩት። «እንዳለ ተወው።»

«አራሚው ስህተት ነው ብሎ እንዳያጠፋውስ?»

ከጎኑ በእስክሪብቶ «ትክክል» ብሎ እንዲጽፍበት ነገርኩት።